ሙት ሲመለስ የማይሮጥ ሰው

ጋሼ ሙሔ ሲሞት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። አንዴ በሱቁ አግዳሚ ወንበር ላይ ታንቆ፣ አንዴ ከጠረጴዛው ሥር ተመርዞ፣ አንዴ ደግሞ ለመርፌ ዞር ስል ልብስ መስፊያዬ ላይ ደረቱን ይዞ ተዘርሮ። "የቱ አሳመነሽ አስካለ?" ይለኛል ዓይኑን ሳይገልጥ። "አንዱም አላሳመነኝም፤ ተነስ፣ የሰው ቀሚስ ላይ ተኝተሃል!" እለዋለሁ። ስለዚህ ባለፈው ሰኞ ጠዋት ሉባባ ሱቄ ደጃፍ ላይ ቆማ "ጋሼ ሙሔ አለፈ" ስትለኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ መጀመሪያ የመጣልኝ ሳቅ ነው። መቀሴን ያስቀመጥኩት ፊቷን ሳየው ነው። ሱብሂ ሰግዶ ጋደም እንዳለ በዚያው ቀረ አለችኝ። አጠገቡ ማንም አልነበረም።

ሐይቅ ከተማ፣ ወደ ሐይቁ በሚወርደው መንገድ ዳር፣ የሱን ቴሌቪዥን ጥገናና የእኔን ልብስ ስፌት የሚለየው አንድ ስስ የጣውላ ግድግዳ ነው። በዚያ በኩል ሰው ሲታረድ በዚህ በኩል የሙሽራ ቀሚስ እዘመዝማለሁ። መጀመሪያ ሰሞን በየጩኸቱ እጄን በመርፌ እየወጋሁ ስንት ነጭ ጨርቅ በደም አበላሽቻለሁ። ሄጄ ስጣላው "አብሽሪ፣ ደም ያለበት ቀሚስ ለእኔ ይሆናል" ብሎ ሳቀብኝ።

የሚያስፈራ ፊልም የሚከፍተው ለጨዋታ ብቻ አልነበረም፤ የሥራው መለኪያ ነበር። "ብርሃን ላይ ሁሉም ቴሌቪዥን ደህና ነው" ይላል። "ጉዱ የሚታየው ሲጨልም ነው። ጥቁሩን ጥቁር አድርጎ ካላሳየኝ አልጠገንኩትም።" እናም የጠገነውን ሁሉ ለባለቤቱ ከመመለሱ በፊት ጨለማ የበዛበት ፊልም ከፍቶ ይፈትሸዋል። አንዴ አንዲት የቄስ ሚስት ቴሌቪዥኗን ልትወስድ መጥታ፣ በቴሌቪዥኑ መስኮት ላይ ከመቃብር የሚወጣ እጅ አየች። ደንግጣ ወጣችና በላስቲክ ጠርሙስ ጠበል ይዛ ተመለሰች። ረጨችበት። ቴሌቪዥኑ እዚያው ጢስ አውጥቶ ጠፋ። ጋሼ ሙሔ ሳምንት ሙሉ ለፍቶ እንደገና ሠራላትና "ሰይጣኑ ወጥቶለታል እማማ፤ እሳቱ ነው ያስቸገረኝ" ብሎ ሸኛት።

እሑድ እሑድ ከአስር ሰላት በኋላ፣ ፀሐይዋ ስትበርድ፣ አራት ሆነን እዚያ ሱቅ እንሰበሰባለን። እኔ መጀመሪያ የምሄደው ላሾፍ ነበር፣ ኋላ ግን ለመድኩት። ታደለ ሠርግ በቪዲዮ የሚቀርጽ ነው፤ ካሜራውን እንደ ሕፃን አቅፎ ይመጣል። ሉባባ ከዓረብ አገር የተመለሰች ናት፤ በሰው ቤት ስትሠራ የዘመኑን አስፈሪ ፊልም ሁሉ በስልኳ አይታ ጨርሳዋለች። ጋሼ ሙሔ ደግሞ የጥንቶቹ ወገን ነው፤ ጥቁርና ነጭ፣ እንዲያውም ድምፅ የሌላቸው ካሉ ነፍሱን ይሰጣል። ሽምብራ ቆሎ እየቆረጠምን ጦርነት እንከፍታለን።

"ኧረ ጋሼ፣ ያንተዎቹ ያስቁኛል!" ትላለች ሉባባ። "ጭራቁ ጭምብል ማድረጉ እኮ ከዚህ ይታያል።"

"ጭራቁን ማን እይ አለሽ? የሚያየውን ሰውየ እዪ። ፍርሃቱ ያለው እሱ ዘንድ ነው።" ተነስቶ ቴሌቪዥኑን በጣቱ ይነካል። "ተመልከቺ፣ ካሜራው ፊቱ ላይ ቆመ። አልቸኮለም። ሰውየው መጀመሪያ አላመነም፣ ቀጥሎ አመነ፣ ቀጥሎ ባላመንኩ አለ። ሦስቱንም አየሽው? ያንቺዎቹ ለተዋናዩ መፍሪያ ጊዜ አይሰጡትም። ጩህ ይሉታል፣ ይጮሃል፣ አለቀ። ጩኸት የሰነፍ ተዋናይ ምርኩዝ ነው።"

ግትር ግን አልነበረም። አንድ እሑድ ሉባባ አንድ የቅርብ ጊዜ ፊልም አመጣች። አንዲት ሴት ዕቃ ታጥባለች፤ ከኋላዋ የሆነ ነገር ቆሟል፤ ሴትየዋ ዞር አትልም፣ ማጠቧን ትቀጥላለች፣ እጇ ብቻ እየዘገየ ይሄዳል። ጋሼ ሙሔ ቆሎውን አስቀመጠ። "ማሻአላህ! ይቺ ልጅ ታውቃለች። እጇን አያችሁት?" አለ። ሉባባም "እኔም በሰው ቤት እንደዚያ ነበርኩ" አለች። "ማን ከኋላዬ እንደቆመ ሳላይ አውቃለሁ።" ከዚያ ቀን በኋላ ጋሼ ሙሔ ስለ ዘመኑ ፊልም ክፉ ሲናገር አንድ ዓይኑን ወደ ሉባባ አድርጎ ነው።

አንድ ነገር ግን በሁሉም ፊልም ያበሽቀዋል። ሰዎቹ ብቻቸውን መሆናቸው! ሴትየዋ ድምፅ ትሰማለች፤ ብቻዋን ወደ ምድር ቤት ትወርዳለች። "ቆይ፣ እነዚህ ሰዎች እድር የላቸውም?" ይላል። "አጥር ላይ ወጥቶ 'ኧረ የሰው ያለህ!' ማለት ምን ያቅታል? ወላሂ እኛ ሰፈር ቢሆን ጋኔኑ ራሱ በሰው ብዛት ታፍኖ ይሞታል።" እንስቃለን። ጎረቤት ባለበት አገር አስፈሪ ፊልም አይሠራም የምትል ነገር ነበረችው፤ ታደለ በዚህች አባባል ይናደድ ነበር፤ ልቡ የራሱን ፊልም መሥራት ላይ ነበረና።

ያልሳቅንበት አንድ እሑድ ግን ነበር። ልጇ የሞተባት እናት ያለችበት ፊልም እያየን ነው። የተቀበረው ልጅ አፈር እንደለበሰ መጥቶ በሩን ይቆረቁራል፤ ስትከፍት ታየዋለች፣ ትጮሃለች፣ ትሮጣለች። ጋሼ ሙሔ ከወንበሩ ተነሳ።

"ውሸት! አጥፋው ታደለ፣ ውሸት ነው!"

"ምኑ ነው ውሸቱ?" አለ ታደለ።

"ልጇ አይደለም እንዴ? አፈር ይልበስ፣ ይገርጣ፣ ይሽተት። ልጇ ነው! እናት ናት የምትሮጠው? በሩን ይዛ 'ምን በልተሃል?' ነው የምትለው። ከዚያ ነው የሚፈራው፣ ከፈለገች።"

ሌላ ሰው ቢለው እንስቅ ነበር። የሱ ልጅ ኢብሮ ግን ከሄደ ሰባተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። አንድ ልጁ ነው፤ እናቱ ቀድማ ሞታለች። ኢብሮ እንደ ጓደኞቹ በባሕር ወደ ዓረብ አገር ለመሻገር ወጣ፣ ከባሕሩ ዳር ደውሎ "ነገ እንሻገራለን አባ፣ ዱዓ አድርግልኝ" አለ፣ ያ ድምፁ የመጨረሻው ሆነ። ከሱ ጋር ጀልባ ላይ ከወጡት ድምፁ የተሰማ አንድም የለም። ሉባባ በዚያ አገር ሳለች የኢብሮን ፎቶ ለማታውቀው ሰው ሁሉ ስትልክ ኖራለች። መርዶ የሚነግር እንኳ ጠፋ፤ ሬሳ ያየ የለማ። ሽማግሌዎች መጥተው "ሙሔ፣ እርምህን አውጣ" ሲሉት "ያልሞተ ሰው ለቅሶ አልቀመጥም" ብሎ መለሳቸው። ከዚያ በኋላ ማንም ደፍሮ አላነሳበትም። ሰፈሩ ግን ከበደው። በእኛ አገር ያልተለቀሰ ሰው የቤተሰቡ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ጎረቤቱ ሁሉ ዕንባውን ይዞ ይዞራል፤ ጋሼ ሙሔ ሰላም ሲላቸው ሴቶቹ አንገታቸውን ይደፉ ነበር።

ታደለ የፊልሙን ድርሰት ይዞ የመጣ ቀን ልመታው ምንም አልቀረኝ። አንድ አባት ልጁ ሞቶበት ድንኳን ውስጥ ተቀምጧል፤ በሦስተኛው ቀን ሟቹ ከፈኑን እንደለበሰ ድንኳኑን ገልጦ ይገባል፤ ለቀስተኛው ይጮሃል፣ አባትየውም ይሮጣል። አባት ሆኖ እንዲሠራ የፈለገው ጋሼ ሙሔን ነው! "አንተ ልብ የለህም?" አልኩት። ጋሼ ሙሔ ግን ወረቀቱን ሁለቴ አነበበና "እሠራዋለሁ" አለ። "አልሮጥም እንጂ።"

ሁለት ሳምንት ተጨቃጨቁ። ታደለ አስፈሪ ፊልም ውስጥ የማይፈራ ሰው ካለ ፊልሙ ሞተ ይላል። በመጨረሻ "እሺ፣ ሁሉም ይሩጥ፣ አንተ ቁጭ በል" ብሎ ተሸነፈለት።

"ቁጭም አልልም" አለ ጋሼ ሙሔ። "እነሳለታለሁ።"

ምን እንደፈለገ ያኔ ገባኝ። በጨዋታ ይሁን፣ በካሜራ ፊት ይሁን፣ ልጅ የሚባል ነገር አንድ ጊዜ ገልጦ ሲገባበት ማየት ነበር የፈለገው። ከዚያ በኋላ አልተቃወምኩም። የእድሩ ዕቃ ያዥ አጎቴ ነውና ድንኳኑን የተዋስኩላቸው እኔው ነኝ።

ስለ ብርሃን ተጨነቅን፣ ስለ ድምፅ ተጨነቅን። ሽመልስ የሚባል ባለ ባጃጅ፣ ግድንግድ ሰውየ፣ ሟቹን እንዲሆን ተመረጠ፤ ከፈኑን ሰፋሁለት፣ ሉባባ ፊቱን በዱቄት ለወሰችው። ቤት ፍለጋ እንዳንለፋ ድንኳኑን የተከልነው ጋሼ ሙሔ ግቢ በር ላይ ነው። ታደለ የገበያ ቀን የመረጠው አስቦበት ነው፤ "ከበስተኋላ ሰው ሲያልፍ ይታይልኛል" ብሎ። አይ ታደለ! የእድር ድንኳን ከሳጥኑ የሚወጣው ለሞት ነው፤ የተተከለው በሙሔ ደጅ ነው፤ ሙሔ ጋቢ ተከናንቦ ከውስጥ ተቀምጧል። በእኛ አገር ደግሞ ድንኳን አይቶ የሚያልፍ ሰው የለም።

መጀመሪያ የገባው ከገበያ ወደ አምባሰል የሚመለስ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ነው። አህያውን አጥሩ ላይ አሰረ፣ ጫማውን ከደጅ አወለቀ፣ ጋሼ ሙሔ ፊት ጎንበስ ብሎ "እግዜር ያጥናህ ወንድሜ" አለና ከወንዶቹ ጎን ተቀመጠ። ታደለ ለቀስተኛ እንዲሆኑ ከመለመልንለት ወንዶችና ሴቶች አንዱ መስሎት "ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው" ብሎ አንሾካሾከልኝ። እኔ ከሴቶቹ መካከል ነጠላዬን አዘቅዝቄ ተቀምጫለሁ። ቀጥሎ ሦስት ገቡ። ቀጥሎ ድንኳኑ በአንድ ጊዜ ሞላ። ከዚያ ከውጭ የእማማ ጦይባ ድምፅ ተሰማ።

እማማ ጦይባ ኢብሮን ያዋለዱ አሮጊት ናቸው። ደረታቸውን እየደቁ ገቡ። "ኢብሮዬ! በዚህ በእጄ የተቀበልኩህ! ዛሬ ተነገረልህ ወይ!" አሉና ድምፃቸውን ለቀቁት፦

መቃብሩ የት ነው፣ ሄጄ እንድደርሰው፣
ባሕር አፈር የለው፣ ኢብሮን የሚያለብሰው።

ሰባት ዓመት የተያዘ ዕንባ ነው የፈረጠው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ኢብሮን የሚያውቀውም ስሙን ዛሬ የሰማውም አለቀሰ። ታደለ ፊቱ ዐመድ መስሎ ተነሳ፤ "ፊልም ነው" ሊል። ጋሼ ሙሔ ከጋቢው ሥር እጁን አውጥቶ የታደለን አንጓ ያዘ።

"ተቀመጥ።"

"ጋሼ፣ ልንገራቸው እንጂ…"

"ሰው አልቅሶ ጨዋታ ነው አይባልም። ተቀመጥ።"

ከዚያ አንድ በአንድ እየተቀበለ "አሚን፣ አሚን" ማለት ጀመረ። እኔ አስመሳይ ሆኜ ገብቼ እንደ እውነተኛ ለቀስተኛ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። በመካከሉ ሽመልስ ትዝ አለን። ሰውየው እኮ ከጓሮ፣ ከፈን ለብሶ፣ በዱቄት ነጥቶ፣ የመግቢያ ምልክቱን እየጠበቀ ነው! ሉባባ ጫማ ሳታደርግ ወጥታ በረረች። "እንዳትወጣ! ወላሂ አሁን ብትገባ ድንኳኑ ሙሉ ሰው ይሞታል!" ብላ በባልዲ ውኃ አጠበችው። ያ ሟች ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሸሚዙን ገልብጦ ለብሶ ለቀስተኛውን ውኃ ሲያጠጣ ዋለ፤ ጆሮው ሥር ዱቄት ቀርቶት ነበር።

ድንኳኑ ሦስት ቀን ቆመ። እድሩ እንጀራውን አመጣ፣ ሸሁ መጡ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ቄሶቹም መጥተው አጽናኑ። ጋሼ ሙሔ አላለቀሰም፤ ሰው ግን ጽናት ነው አለው። ሸሁ ለሩቅ ሟች የሚሰገደውን ሰላት እንስገድለት ሲሉት "ይቆይ ሸኻችን፣ ኢንሻአላህ ይቆይ" አለ፤ ሐዘን ያደከመው መሰላቸውና አልገፉትም። በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሲነሳ ሰፈሩ በሙሉ ቀለለው። ሴቶቹ ጋሼ ሙሔን ቀና ብለው ያዩት ጀመር። "እርሙን አወጣ፣ አልሀምዱሊላህ" ተባለ። እኔም ብያለሁ። ለአጎቴ እንኳ ለፊልም የተዋስነው ድንኳን ለመርዶ ሆነ ብዬ ነገርኩት፤ የአላህ ሥራ ነው አለኝ። ፊልሙ በዚያው ቀረ። እሑዶቹ ግን ቀጠሉ፤ ሙት ተነስቶ የሚመለስበትን ፊልም ብቻ በስምምነት ተውነው።

ጋሼ ሙሔ ከማለፉ ጥቂት ወራት በፊት፣ በአንዱ እሑድ፣ ታደለ ፍላሽ ይዞ መጣ። ቆሎም አልቀመሰ። "ጋሼ፣ ያጠፋሁት ጥፋት አለ" አለ። "ያን ቀን ካሜራው አልጠፋም ነበር። ጥጉ ላይ እንደቆመ ባትሪው እስኪያልቅ ሲቀርጽ ነበር። ተነስቼ ላጠፋው ፈራሁ። ካየኸው በኋላ እሰርዘዋለሁ፤ ሳታየው ግን መሰረዝ አልቻልኩም።"

ጋሼ ሙሔ ፍላሹን ተቀብሎ በዚያን ሰሞን ጠግኖ ባስቀመጠው ቴሌቪዥን ላይ ራሱ ከፈተው። ዛሬ ዛሬ ለቅሶም ስለሚቀረጽ ከለቀስተኛው ወደ ካሜራው ዘወር ያለ አልነበረም። ጋሼ ሙሔ በጋቢው መሐል፣ ሰው እየመጣ ጎንበስ ሲልለት፣ "አሚን" ሲል ይታያል። እማማ ጦይባን ሳይ አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። ቀስ በቀስ ግን ዓይኔ ከለቀስተኛው ወደ እሱ ተመለሰ። አንድ ነገር ነበር። የድንኳኑ መግቢያ ሸራ በተነሳ ቁጥር ጋሼ ሙሔ ከመሬት ዓይኑን ያነሳል። የገባው ማን እንደሆነ ሳይታይ በፊት ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ብልጭ ይላል። ከዚያ ገበሬ ይገባል፣ ጎረቤት ይገባል፣ እንጀራ የተሸከመች ሴት ትገባለች፤ እሱም ዓይኑን ወደ መሬት ይመልሳል። ሸራው እንደገና ይነሳል፤ እሱም እንደገና። አንድም ጊዜ አልዘለለም።

ታደለም አይቶታል። "ይቅርታ ጋሼ" አለ። "ሽመልስ እንደማይገባ አልነገርንህም ነበር። እሱን ስትጠብቅ ነው አይደል?"

"ሽመልስ ከጓሮ ሲታጠብ ሰምቼው ነበር" አለ ጋሼ ሙሔ። "ስጠብቅ የነበረው ሽመልስን አይደለም።"

ሉባባ ተነስታ ወደ ደጅ ወጣች። እኔ "እና ያ ሦስት ቀን ሙሉ?" አልኩት።

"ትወና ነዋ አስኩ። ሰው ዕንባውን ይዞ ሰባት ዓመት ዞሮ ደክሞታል፤ ይውጣለት ብዬ ተቀመጥኩላቸው።" ቴሌቪዥኑን አጠፋው። "በደንብም አልሠራሁት፤ ዓይኔ አስቸገረኝ።" ፍላሹን ነቅሎ ለታደለ መለሰለት። "አትሰርዘው፤ ልጄ ሲመጣ እሱ ይየው። ለሰፈሩ ግን እንዳታሳዩ። አርፈዋል፤ ለልጄ ለቅሶ አለመቀመጤን ካወቁ እንደገና ይከብዳቸዋል።"

ባለፈው ሰኞ፣ በሞተ ዕለት ከቀትር በኋላ ቀበርነው። ያው የእድር ድንኳን ተተከለ፣ ያው ሰው መጣ፣ "ከልጁ ጋር ያገናኘው" እያለ ተቀመጠ። እኔም "አሚን" አልኩ፤ ሌላ ምን ልበል? አሁን ይሄን መጻፌ አደራ ማፍረስ ነው፤ አውቄ ነው ያፈረስኩት። ሰፈሬ ቢከብደው ይክበደው፤ ከእኛ ይልቅ ማወቅ የሚገባው አንድ ሰው አለ ብዬ ነው።

ኢብሮ፣ በሕይወት ካለህና ይህ እጅህ ከገባ፣ ሐይቅ ላይ ድንኳን ተተክሎልህ ነበር። እማማ ጦይባ አልቅሰውልሃል፤ ከአምባሰል ለገበያ የመጣ የማያውቅህ ሰው አልቅሶልሃል፤ እኔም አልቅሼልሃለሁ። አባትህ ግን አንድም ቀን አላለቀሰልህም።